ከአሰብ የመጣው ቱቦ

በደርግ ጊዜ ነው። ከከዚራ ሰፈር ጀርባ ባለው ጋራዥ አራት ሰዎች ነበርን፦ ሽማግሌው በያጅ፣ በቶርኖ ብረት የሚቀርጸው የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ ከአሰብ የመጣው እንግዳ እና እኔ።

እንግዳው የያዘው የባሕር ውሃ አሙቆ ጨው የሚለይ ማሽን የተሰነጠቀ ቱቦ ነበር፤ ቲታኒየም ነው። አሰብ ላይ ሌላ ቱቦ የላቸውም።

«ጋሼ፣ ልጆቼ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው የሚጠጡት» አለ።

በያጁ ስንጥቁን ሊደፍን እንደ መዳብ ቱቦ በጋዝ ነበልባል አጋለው፤ ቲታኒየም አየር ላይ ሲግል ተሰባሪ እንደሚሆን ማናችንም አናውቅም ነበር። ቱቦው መጀመሪያ ወርቅማ ሆነ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ እንደ ኖራ ነጣ። ከቀዘቀዘ በኋላ በመዶሻ ነካ ቢያደርገው ተሰበረ።

«ይሄ ብረት ነው ብስኩት?» አለ የመጋላው ልጅ።

እንግዳው ስብርባሪውን በሽርጡ ጠቅልሎ ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ነገር ተናገረ። እኛ ቆመን ከማየት በቀር ምንም አላደረግንም። በዚያ ቀን ጋራዡ ውስጥ ከነበሩት ይህን የሚያነብ ካለ፣ ያኔ ምን እንዳለ ይንገረኝ፤ እኔ አልሰማሁትም።