ጠያቂ ያባረርኩ ዕለት

ጠያቂ ከቤቴ ያባረርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል ከመጣን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ረሆቮት ቤት ይዘናል። ባለቤቴ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሌላ ጊዜ ለአፍታ ጥሎት ይነሣል። ያን ሰሞን ግን መድኃኒቱን «ያደነዝዘኛል» ብሎ ትቶት ኖሮ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጣለው። አምቡላንሱ ሲደርስ ነፍሱን አውቆ ስለነበር «አልሄድም» ብሎ ፈረመ። ግትር ነው። እኔም ብብስ እንጂ አላንስም፤ ያን ዕለት ግን ተሸነፍኩ።

በማግስቱ ወሬው ሕንጻውን አዳርሶ ሳሎናችን ከጠዋት ጀምሮ በሰው ሞላ። ከጎረቤቷ ከተማ ከነስ ጺዮና ሳይቀር መጡ። ባለቤቴ ሰውነቱ እንደተቀጠቀጠ እያመመው፣ ትራስ ተደግፎ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እኔ ሻይ ሳቀርብ፣ ብርጭቆ ሳነሣ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ነው የከነከነኝ፤ ይህ ሰው ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌ ፊት ለሽንት ብድግ ማለት ለእሱ ነውር ነው። ለካ ውሃውንም የማይጠጣው ለዚሁ ኖሯል።

ጎንበስ ብዬ በጆሮው ጠየቅኩት።

«አልመጣብኝም። ጠዋት ትንሽ ወጣልኝ፤ እንደ ኮላ ጠቁሯል። ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «በሉ ተነሡልኝ! ቤት ሆሊም፣ ሆስፒታል ልወስደው ነው» አልኩ።

ከጠያቂዎቹ በዕድሜ አጎቱ ከሁሉም ይበልጣሉ። «አንቺ ልጅ፣ ጠያቂ ይባረራል እንዴ?» አሉኝ።

«ይባረራል፣ አባባ! ሽንቱ ጠቁሯል!»

ባለቤቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሆስፒታል ደሙ ተመርምሮ ሐኪሟ አስረዳችን። ሲያንዘፈዝፈው ጡንቻው ተጎድቷል፤ ከጡንቻው የወጣው ነገር ኩላሊቱን እየጎዳው ነው፤ ደሙም ውስጥ አሲድ በዝቷል። በክንዱ ፈሳሽ እየሰጡት እንደሚጠብቁ፣ ኩላሊቱ እምቢ ካለ ግን ደሙ በማሽን እንደሚታጠብ ነገረችን። ፈራሁ፤ ፍርሃቴን ግን ለማንም አላሳየሁም። ነርሷ በገባች ቁጥር «ይሸናል፣ ታያለሽ» እላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጎቱ ሊጠይቁት መጥተው ኮሪደሩ ላይ አብረን ቆመናል። የክፍሉ በር ተከፈተ። ባለቤቴ በአንድ እጁ የፈሳሹን ዘንግ ይዞ፣ በሌላው የሽንት ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ብቅ አለ።

«ነይ እዪው!» ብሎ ጮኸ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። «አጎቴ፣ እርስዎም ይዩልኝ! ሞላ! ነጣ!»

አጎቱ «እሰይ ልጄ!» እያሉ ሮጡ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።