ክርኔና ግድግዳው

ቫዮሊን የጀመርኩት ተደብቄ ነው። ጀጎል ውስጥ የተከራየሁት አሮጌ ቤት ከላይ ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ቆጥ አለው፤ ከሥራ ስመለስ እዚያ ወጥቼ እገዘግዛለሁ። ግቢያችን የጋራ ነው። ጎረቤቴ፣ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስፌት ይሰፋሉ። ወስፌያቸው ስለታም ነው፤ ምላሳቸው ይብሳል። እሳቸው አፍ ከምገባ ቆጥ ላይ ብታፈን ይሻለኛል አልኩ።

አስተማሪዬ ፈላና በር አካባቢ የሚኖሩ፣ ከኦርኬስትራ በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቫዮሊኗ የእሳቸው ናት፤ ሌላ የላቸውም፣ የሚፈልጋት ሰው ግን ሞልቷል። ለእኔ ሲያውሱኝ ሳጥኗን አስቀሩት። "ሳጥኑ ከባለቤቱ ጋር ይቆያል" አሉ። ስለዚህ በነጠላ ጠቅልያት ነበር የምመላለሰው።

"ባለሙያ መሆን ካማረሽ" ይሉኛል፣ "አንድ ድምፅ ከደጋኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ አውጪልኝ። ዘፈኑ ይደርሳል።"

የእኔ ድምፅ ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ! ትከሻሽን ልቀቂ አሉ፣ ተቆጡ፣ ለመኑኝ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ "እስከ ጥምቀት ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ" አሉኝ። የዚያን ቀን ገበያውን፣ ጊደር መጋላን፣ ያቋረጥኩት እንባዬን በዚያው ነጠላ እየጠረግኩ ነው።

ግራ ቢገባቸው አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጡ። "የምትለማመጅበትን አሳዪኝ።" ቆጡ ላይ ወጥቼ ደጋኑን ስስብ ክርኔ ከግድግዳው ጋር ተጋጨና ቆመ። ጋሼ ከታች ሆነው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ልጄ፣ አንቺኮ ጎበዝ ተማሪ ነሽ። የተማርሽው ግን ግድግዳውን ነው! ውረጂና ወደ ግቢው ውጪ!"

በማግስቱ ግቢ ወጣሁ። ገና አንዴ ከመሳቤ ጎረቤቴ ቀና አሉ።

"ያረቢ! ድመቷን ማን ረገጣት?"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"ነገም አለ?"

"ነገም አለ።"

"እንግዲያው አላህ ጆሮዬን ይጠብቅልኝ" ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

መጀመሪያ ፊቴ ይቀላ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፣ እንዲያውም ስድባቸውን መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ማለዳ ድምፁ ሳይቆረጥ እስከ ጫፍ ሄደ። ከጠባቡ መንገድ ድንገት ገበያው ላይ እንደ መውጣት ነበር። በደስታ ጮህኩ። እሳቸው ግን "ድመቷ ዳነች" ብቻ አሉ።

የጥምቀት ዋዜማ ጋሼ መጡ። ባዶውን ሳጥን በብብታቸው ይዘው ነበር። ቫዮሊኗን ሊወስዷት ነው አልኩ። ደጋኑን ሳብኩ፤ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ነበርና ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

"ኧረ ተዪ!" አሉ ጎረቤቴ። "ጠዋት ወላሂ እንዲህ አልነበረም። እንግዳ ስላየሽ ነው? ድገሚው!"

ደገምኩት። ድምፁ ወጣ፣ ሄደ፣ ግቢውን ሞላው። ወስፌያቸው አየር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ድምፁ እስኪያልቅ አልወጉም።

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ። "ለካ አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት! ስንት ጊዜ ሙሉ አንድ ድምፅ ያሰሙናል? ዘፈን የለዎትም?"

"አለኝ፣ እመቤቴ" አሉ ጋሼ እየሳቁ። "ከበዓሉ በኋላ ይጀመራል።"

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ሳጥኑን እግሬ ሥር ትተውት ነበር የሄዱት።