የሞይፖኔን ሶስ ማን ሰረቀው

ሞይፖኔ ሶሷን የምትቀላቅለው ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቦኬንግ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ባለችው የቆርቆሮ ሱቋ ኮታ የሚባል ምግብ ትሸጣለች። ሩብ ዳቦ ትቦረቡርና በድንች ጥብስና በቀይ ሞርታዴላ ትሞላዋለች፤ በዘይትና በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ ጣል ታደርግበትና ከላይ ያንን ሶስ ታፈስበታለች። ዳቦውን ማንም ይሸጠዋል፤ ሰው የሚሰለፈው ለሶሱ ነው። ማዮኔዝና ካቻፕ እንዳለበት ቀለሙ ይናገራል። የቀረውን ግን ከእሷና ከሟቹ ባሏ ከሞሌፌ በቀር ያወቀ የለም። ባዶ ጠርሙስ እንኳ ስትጥል ወረቀቱን ልጣ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረች። አንድ ማክሰኞ የሚኒባስ ሹፌሩ ቱሜሎ ኮታውን እየገመጠ፣ "እማ ሞይፖኔ፣ ቅርንጫፍ ከፍተሽ ነው እንዴ የማትነግሪን?" አላት።

"የምን ቅርንጫፍ?"

"ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት አሮጊት መሸጥ ጀምረዋል። ሶሱ ይኸው ራሱ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብበላ ያንቺ ነው ብዬ እምላለሁ።"

ሞይፖኔ ሳቀች። ቱሜሎ ሲሄድ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ቀስ ብላ ዞረችና ጥግ ላይ ድንች የምትልጠውን ምራቷን አየቻት።

ዲኔኦ የልጇ ሚስት ናት። ባሏ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአማቷ ጋር እየኖረች አብራት ትሠራለች። ዝምተኛ ናት። ያን ቀን ግን ዝምታዋ ለሞይፖኔ ሌላ መልክ ያዘ። የምትደብቀው ነገር ባይኖራት ለምን ዝም ትላለች? ስልክ ስታወራስ ለምን ወደ ጓሮ ትወጣለች? እሑድ እሑድ "እናቴን ልጠይቅ" ብላ ስትሄድ መንገዷ በክሊኒኩ በኩል አይደለም?

ሁለት ቀን ስታውጠነጥን ቆይታ ወጥመድ ዘረጋች። ሐሙስ ዕለት ዲኔኦን ጠጋ ብላ፣ "ድንገት ብታመም ሱቁ እንዳይዘጋ ብዬ ነው፤ ለነፍስ እንዳትተነፍሺ" አለቻትና፣ ሶሱ ላይ አንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ እንደምትጨምር በጆሮዋ ነገረቻት። ውሸቷን ነው። ኦቾሎኒ ጨምራበት አታውቅም።

"እሺ እማ" አለች ዲኔኦ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ግን ጣዕሙ ምንም አይታወቅም" አለች።

እንዲህ ያለችው ለምንድን ነው? ሞይፖኔ ያቺን ቃል ስታመላልስ ዋለች።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጓደኛዋን ማፑላን ወደ አሮጊቷ ላከቻት። "ገዝተሽ ብዪ። ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ የሚል ነገር ካለው ንገሪኝ።"

ማፑላ ያለ ወሬ መመለስ የማይሆንላት ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ አፏን እየጠረገች መጣች። "መጨረሻ ላይ፣ ጉሮሮ አካባቢ፣ አዎ... ኦቾሎኒ ብጤ አለው። ምራትሽ ናት አላልኩሽም?"

እንዲህ ብላ አታውቅም። ሞይፖኔ ግን ያንን ልብ አላለችውም። በቀጥታ ወደ ሱቁ ገብታ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "በምን ገዛችሽ?" አለቻት ዲኔኦን።

ዲኔኦ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ማን ናት የገዛችኝ?"

"አታውቂያትም? ልጄ ብዬ ቤቴ ባስገባሁሽ የእንጀራ ገመዴን ትበጥሺብኝ?"

"እማ፣ እኔ እኮ ሶስሽን አልወደውም። ስኳሩ ይበዛብኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የበላሁት እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ ነገሩን አከፋው። "ውጪልኝ!" አለች ሞይፖኔ። ዲኔኦ ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ሸክፋ ኤቫተን ወዳለችው እናቷ ዘንድ ሄደች።

ሰኞ ሞይፖኔ ሱቋን ዘግታ ራሷ ክሊኒኩ ጀርባ ወረደች። አሮጊቷ ሴባባትሶ ይባላሉ። አረንጓዴ ሻሽ አስረው፣ የወንድ ጫማ ተጫምተው፣ አንድ ባልዲ ፊታቸው አድርገው ያማስላሉ፤ ገበያተኛው ሁሉ ያያል። ማዮኔዝ፣ ካቻፕ፣ ጣፋጭ የፍራፍሬ ማባያ፣ ሰናፍጭ። ከዚያ የማንጎው ማሰሮ ላይ የሰፈፈውን ቀይ ዘይት በጭልፋ። ሞይፖኔ እርቃኗን አደባባይ ያቆሟት መሰላት። ጣቷን ሰድዳ ቀመሰች። ኦቾሎኒ የለውም። ሽታውም የለም።

ታዲያ በዲኔኦ አይደለም? በማን በኩል ወጣ?

"ይሄን ከማን ሰረቁት?" አለች ጮክ ብላ። "ይሄን ባሌ ሞሌፌ ነው ለኔ የሠራው!"

አሮጊቷ ማማሰላቸውን አቆሙ። "ሞሌፌ? የክሬን ነጂው ሞሌፌ? ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው?"

ይቺ ሴትዮ ሞሌፌ እንዴት እንደሚስቅ በምን አወቀች? ስንት ጊዜ አስቃው ነው? "ምንዎ ነበር?" አለች ሞይፖኔ።

"በላተኛዬ ነዋ። ብረት ፋብሪካው በር ላይ ሠላሳ ዓመት ሸጫለሁ። ልጄ ዘንድ የመጣሁት እዚያ ሠራተኛው ተቀንሶ በላተኛ ሲያልቅብኝ ነው። ተቀመጪ፣ ልጄ።"

ሞይፖኔ ቆማ ቀረች። አሮጊቷ ግን ቀጠሉ። "አንድ ቀን 'ሴት ልጃችን ሞታ ሚስቴ እህል አልቀምስ አለች' አለኝ። ከኔ የወሰደልሽን ጎረስሽለት። ከዚያ በየቀኑ ይወስድ ጀመር። ፈረቃው ወደ ሌሊት ሲቀየርበት አሠራሩን ለመነኝ። ያኔ እኔም ለሰው የምናገር አልነበርኩም። ጓደኞቹ ሁሉ እያዩት አለቀሰ። ምን ላድርግ? ነገርኩት።"

ያንን ወር ሞይፖኔ አልረሳችውም። ሞሌፌ ሳህኑን አልጋዋ ድረስ አምጥቶ፣ "መደርደሪያው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ቀላቀልኩልሽ" ነበር ያላት። ለምን ዋሻት? ማልቀሱ አሳፍሮት ይሆን፣ ወይስ ሌላ ነገር ነበረበት? የአሮጊቷን ፊት ረጅም ጊዜ መረመረችው። ምንም አላገኘችበትም፤ ሳይኖር ቀርቶ ይሁን እርጅና ደብቆት ግን አታውቅም።

"አንቺም ትሸጪዋለሽ ማለት ነው?" አሉ ሴባባትሶ።

"እሸጣለሁ።"

"ሰናፍጩን አታብዢበት።"

ከዚያው ኤቫተን የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። ዲኔኦ ግቢው በር ላይ ቆማ ተቀበለቻት፤ ግቢ አላለቻትም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ሞይፖኔ። "አንቺ ምንም አላደረግሽም። ማሪኝ።"

"እዚህ ብቻችንን ሆነን ነው የምትነግሪኝ? ያዋረድሽኝ በሰው ፊት ነው እማ። በሰው ፊት ንገሪልኝና እመጣለሁ።"

ሞይፖኔ ለአራት ቀን አልቻለችም። ቅዳሜ ወረፋው ሲረዝም ከሱቋ ወጣችና ማፑላ ባለችበት፣ ሹፌሮቹ ባሉበት፣ ምራቷን በሐሰት እንደወነጀለች፣ ሶሱም መጀመሪያ የሴባባትሶ እንደነበር ተናገረች። ማፑላ የጫማዋን ጫፍ ስታይ ነበር። ሰኞ ዲኔኦ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች።

ሞይፖኔ ግን አሁንም እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ክሊኒኩ ጀርባ ብቅ ትላለች። ከአሮጊቷ ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጥና ስለ ሞሌፌ አንድ ጥያቄ ትጠይቃቸዋለች። በየሳምንቱ አንድ። መልሱን ሰምታ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ቤቷ እስክትደርስ ድረስም የሚጣረስ ነገር ይኖር እንደሆን ካለፈው ሳምንት መልስ ጋር ታስተያየዋለች።