አባባ ሰይድ፣ አውራ በጉና ኮሌስትሮል

ወገኖቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እናዘዛለሁ፤ ዛሬ አያቴን አባባ ሰይድን ስለ ኮሌስትሮል ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ሐኪም በኮሌስትሮል ምክንያት ቅቤ ከከለከላቸው ወዲህ እሳቸው ደግሞ አውራ በጋችንን ቅባታሙን የፋጉሎ መኖ ከለከሉት፤ «ኮሌስትሮል እንዳይዘው» ብለው! በጉ ከሳ፣ እንስት በጎቹም ሳያረግዙ ከረሙ።

ዛሬ ጠዋት «መካን ነው፣ ይታረድ» ብለው ቢላ መሳል ጀመሩ።

«አባባ፣ የወንዴ ዘር ሽፋኑ የሚሠራው እኮ በኮሌስትሮል ነው» አልኳቸው። «የሴቷ ዕንቁላል ጋ ሊደርስ ሲል ነው ኮሌስትሮሉን የሚያራግፈው።»

ቢላውን አስቀመጡ። «እንደኛ በለኛ! እኛም በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ጓዝ ተሸክመን ተነስተን፣ እዚህ ባምባሲ የገባነው ጓዙን በየመንገዱ አራግፈን ባዶ እጃችንን ነው።»

በጉ ተረፈ፤ ፋጉሎውም ተመለሰለት።

የእናንተስ ሽማግሌዎች ሳይንስ ስትነግሯቸው ምን ያደርጋሉ? እስቲ ጻፉል... ቆይ፣ ሴት አያቴ ከጓዳ እየጮኹ ነው፦

«አንተ ከድር! አባባን ምን ብለሃቸው ነው የቅቤውን ቅል ታቅፈው የተቀመጡት?»