ፊቱን ያዞረው ጅብ

የባለቤቴን አርባ ካወጣን ሳምንት ሆነ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። ባገለገለ ቅጽ ጀርባ ላይ የእንስሳት ተረት ይጽፉ ነበር፤ ሥዕሉንም ራሳቸው ይሥሉና በሲባጎ ሰፍተው ለልጆች መጽሐፍ ያደርጉት ነበር።

ጅብን ግን ምንጊዜም ከጀርባው ነበር የሚሥሉት። የልጅ ልጃችን አንድ ጊዜ የሣሉትን ፊቱን አይታ ስላለቀሰች ነው።

«አባባ፣ ጅቡ ለምን ዞረ?» ስትላቸው፣

«ባቡር እያየ ነዋ! አንቺስ ባቡር ሲያልፍ መች አርፈሽ ትቀመጫለሽ?» ይሏት ነበር።

የመጨረሻው መጽሐፍ፣ የአህያዋና የጅቡ፣ ሳያልቅ ቀረ። አህያዋ ወንዝ ዳር ቆማለች፤ የጅቡ ቦታ ባዶ ነው። ትናንት ልጅቷ እርሳሳቸውን አምጥታ «እማማ፣ አንቺ ጨርሺው» አለችኝ። እኔ ከፊደል በቀር በእርሳስ የሠራሁት ነገር የለም። ጀርባውንና ጅራቱን ሣልኩ፤ ውሻ መሰለ።

ልጅቷ ብዙ አየችውና፣

«ባቡር እያየ ነው አይደል?» አለች።

«አዎ፣ እያየ ነው» አልኳት።

ፊቱን ሣዪ ብባል ከየት አመጣው ነበር? እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገሩን አቅልለውልኝ ነው የሄዱት።