አምባሰል ላይ አልታጠፍም ያለው ሞተር

ከደሴ በጠዋት የተነሳሁት ለሽምግልና ነው። የጓደኛዬ ልጅ ሰይድ ከአረብ አገር ተመልሶ የአምባሰሏን ዘይነባን ወዷል። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች በሚኒባስ ቀድመዋል፤ እኔን ሰይድ ከሐይቅ በሞተር ሳይክሉ ሊወስደኝ ነው።

ሐይቅ

ውሃው ዳር የተጠበሰ ዓሣ በልቼ ብነሳ ሞተሩን አየሁት። ሰይድ የኋላ ጎማውን የሚይዘውን ክንድ አስረዝሞታል። የፊቱ ጎማ ሐይቅ ሲገባ የኋላው ገና ደሴ ነው!

«ሰይዴ፣ ይሄ ሞተር ነው ባቡር?»

«አብሽር ጋሼ! እዚያ አረብ አገር ሲሽቀዳደሙበት አይቼ ነው። ክንዱ ሲረዝም የፊት ጎማው አይነሳም። ሞተሩንም ለውድድር አስተካክዬዋለሁ፤ ጉልበቱ የሚመጣው ሲጮህ ነው።»

«የቀጠልክበት ብረትስ?»

«ጦርነቱ ጥሎልን ከሄደው መኪና የተቆረጠ ነው። ጠንካራ ነው ወላሂ!»

እኔ ክርስቲያኑ «ቢስሚላህ» ብዬ ተፈናጠጥኩ።

ዳገቱ

አስፋልቱ ላይ በረርን። ወደ አምባሰል ዳገት ስንገባ ግን ጉድ ፈላ። የመንገድ ሞተር ክንዱ አጭር ስለሆነ ኩርባ ላይ እንደ ፍየል ይዞራል፣ በዝግታም ይጎትታል። ይሄኛው ቀስ ሲሉት አንኮራፍቶ ይጠፋል፤ ሲቀሰቅሱት እንደ እብድ በሬ ይዘላል። በመጀመሪያው ኩርባ አልታጠፍም አለ። ወርደን ቂጡን ተሸክመን አዞርነው። በሁለተኛውም እንዲሁ።

አህያ የሚነዱ አንዲት እናት «እናንተ፣ መሰላል ነው ወይ የምትሸከሙት?» ብለውን አለፉ።

በሦስተኛው ኩርባ ሰይድ እልህ ይዞት ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ ነቃ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ! ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀርቅሮ ቆመ እንጂ የፊት ጎማው አየር ላይ ነበር። ከበታቼ የሚበር አሞራ ጀርባውን አየሁ። የሰማይ ወፍ ቁልቁል አየሁ፣ ሰዎች!

ዘይነባ ቤት

የቀረውን እየገፋን ደረስን። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥምና ሁለቱ ባልደረቦቼ ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል። የዘይነባ አባት ሐጂ እንድሪስ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ልጄን በዚህ ልትወስዳት? ኩርባው ላይ ሁሉ አውርደህ ልታዞራት? በሉ ተቀመጡ፣ ምሳ ቅመሱ፤ ነገሩ ሌላ ጊዜ ይታያል።»

ይህ በጨዋ አፍ እምቢታ ነው። ሰይድ አመድ መሰለ። ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔ አልተቀመጥኩም፤ ከገደሉ ወዲህ ጉልበቴ መታጠፍ ትቷል።

«ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ።»

እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «ያ ረቢ! ይሄ ሰውዬ ሳይሰጠው አይቀመጥም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቼ አላውቅ! በሉ ሰጥቻለሁ። የሞተሩን ክንድ ግን እንደ ፋብሪካው ያሳጥረው።»

እልልታው ቀለጠ። ሰይድ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ጉልበቴ ተላቀቀና እኔም እሱ ላይ ወደቅሁ።

ደሴ

በሚኒባስ ተመለስኩ። የውድድር ሞተር ቶሎ ለመድረስ ይሠራል፤ የመንገዱ ሞተር ለመመለስም ጭምር ነው። ይህን የተማርኩት ከአሞራ በላይ ሆኜ ነው።

ባለቤቴ በሩ ላይ ተገትሬ ስታየኝ «ምነው፣ አትቀመጥም?» አለች።

«መጀመሪያ የምትሰጪኝን ልወቅ» አልኳት።