ውኃው እንዳይፈስ

አክስቴን ቤተሰቡ «እንዝርት» ይላታል። ተቀምጣ ሻይ ስትጨርስ ያየ የለም። ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ አርባን ካለፈች ወዲህ በገባችበት የትርኢት ቡድን ውስጥ ሰውነቷን ታሠለጥናለች።

በአዲሱ ትርኢት አንድ ሰው መሃል ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ሌሎቹ ይዞሩታል፣ ይሮጣሉ። አክስቴ ያንን የመሃል ቦታ ፈለገች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ‹አንድ ቦታ እረፊ› ሲሉኝ ኖሩ» አለችኝ። «አንድ ቀን ልረፍላቸው።»

ካውያዋን እንደያዘች በአንድ እግሯ መቆም ጀመረች። አሠሪዋ፣ «የቀጠርኩት ሰው መስሎኝ፣ ሽመላ ኖሯል?» አለቻት። ጭኗ ጠነከረ፣ ወገቧ ቀና፤ ጣቶቿ ግን እረፍት አጡ።

አሠልጣኙ፣ ቃል የሚቆጥብ ራሰ በራ ሰው፣ አየት አድርጓት «የኔ እህት፣ ጡንቻሽ ደርሷል፤ ሐሳብሽ ነው ገና መንገድ ላይ ያለው» አላት። «አናትሽ ላይ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን እንዳለ አስቢ። እስከ ዓርብ ካልሆነልሽ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ያን ሳምንት ቤታችን በሌለ ሳህን ታመሰ። በር ስታልፍ ጉልበቷን ሸብረክ ታደርጋለች። ስንጠራት ከነትከሻዋ ነው የምትዞረው። «እብደት ሲጀምር እንዲህ ነው» አለች እናቴ፤ ግን እሷም ኮሪደሩ ላይ ጥግ ይዛ ታሳልፋት ነበር።

ዓርብ አብሬያት ሄድኩ። መሃል ቆመች፤ ሯጮቹ ዞሯት። ትንሽ ቆይታ ትከሻዋ ዘለል አለ፤ ቀዝቃዛ ነገር የነካት ይመስል አንገቷን ጠረገች። ከዚያ ሁለት እጇን አንሥታ ሳህኑን ከአናቷ አወረደችና ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለ አሠልጣኙ።

«ፈሰሰብኝ።»

ቦታው ለሌላ ሴት ተሰጠ። አክስቴ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ታክሲ ገብተን ገና ከመንቀሳቀሳችን «ወራጅ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ረሳሽ?»

«ሳህኑን! ይረግጡታል እኮ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ተከተልኳት።

ልምምዱ ቀጥሏል። አክስቴ ሯጮቹን ሰንጥቃ ገባች፤ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ አናቷ ላይ አመቻችታ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ጣቶቿ እንኳ ጸጥ ብለዋል። አንዱ ሯጭ ቆመ፤ ሌላውም ቆመ፤ መሃል ላይ ያለችው ሴትም ዞራ አየቻት።

«ቁሚ! እዚያው ቁሚ!» አለ አሠልጣኙ።

«አልቆምም» አለች አንገቷን ሳታዞር። «ስቆም ነው የሚፈሰው።»

ሰውየው ተነሥቶ ከፊቷ ያሉትን ወንበሮች አንድ በአንድ እያነሣ መንገድ ይጠርግላት ጀመር።